አራት ቀን በኩባንያ፣ አንድ ቀን በዩኒቨርሲቲ፦ የመማሪያ ጊዜ ጥያቄ በእንግሊዝ የምህንድስና የዲግሪ ተለማማጅነት

መግቢያ

መሐንዲስ የሚወጣው ከመማሪያ ክፍል ነው ወይስ ከሥራ ቦታ? ይህ ጥያቄ የምህንድስና ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱበት ጊዜ ጀምሮ ሲያከራክር ኖሯል። በእንግሊዝ ከእ.ኤ.አ. 2015 ወዲህ ለጥያቄው ከተሰጡት ምላሾች አንዱ «ዲግሪ አፕረንቲስሺፕ» የተባለው ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት አንድ ወጣት በመጀመሪያ በአንድ ኩባንያ በሠራተኛነት ይቀጠራል፤ ደመወዝ እየተከፈለው ከሥራ ሰዓቱ ከፊሉን በትምህርት ያሳልፋል፤ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም፤ በመጨረሻም የባችለር ዲግሪውንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫውን ይዞ ይወጣል። በዚህ ጽሑፍ ሥርዓቱ «የዲግሪ ተለማማጅነት»፣ በውስጡ የሚያልፈው ሰውም «ተለማማጅ» እየተባለ ይጠራል።

ስለ ሥርዓቱ ጥቅም ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ያለ ትምህርት ዕዳ መመረቅና ከሥራ ልምድ ጋር መመረቅ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ከሁለቱም ጀርባ ግን ያን ያህል የማይነገር ሦስተኛ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የጊዜ ጉዳይ ነው። ተለማማጁ በአንድ ጊዜ ሠራተኛም ተማሪም ነው። አሠሪው በተለማማጁ ሰዓት ላይ መብት አለው፤ ዩኒቨርሲቲውም ከዚያው ሰዓት ድርሻውን ይጠይቃል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ የሚከተለው ነው፦ በትልቅ ኩባንያ ውስጥ የሚካሄድ የምህንድስና የዲግሪ ተለማማጅነት ጥራት የሚወሰነው በኩባንያው ስምና በዩኒቨርሲቲው ዝና ብቻ ሳይሆን፣ የመማሪያው ሰዓት ከምርት ሥራ ግፊት በማን፣ እንዴትና ምን ያህል እንደሚጠበቅ ጭምር ነው። ይህንን ለማሳየት በቅድሚያ የሥርዓቱ አመጣጥና አወቃቀር ይብራራል፤ ቀጥሎ የመማሪያው ሰዓት በቁጥር ይሰላል፤ ከዚያም የተለማማጁ ሳምንት ከውስጥ ሲታይ ምን እንደሚመስልና ሌሎች አገሮችና ተቋማት ለዚሁ ጥያቄ የሰጧቸው ምላሾች ይቃኛሉ።

የሥርዓቱ አመጣጥ

ተለማማጅነት በእንግሊዝ አዲስ ነገር አይደለም። በቀዳማዊት ንግሥት ኤልሣቤጥ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1563 የወጣው የእደ ጥበብ ባለሙያዎች ሕግ፣ አንድ ሰው ሙያ ይዞ ለመሥራት ቢያንስ ሰባት ዓመት በባለሙያ ሥር መለማመድ እንዳለበት ይደነግግ ነበር። የዚህ ሕግ የተለማማጅነት አንቀጾች የኢንዱስትሪው አብዮት በተፋፋመበት ወቅት፣ በ1814 ተሽረዋል። ልማዱ ግን ከሕጉ ጋር አልጠፋም፤ በመርከብ ግንባታ፣ በባቡርና በማሽን ሥራ ድርጅቶች ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቀጥሏል።

የሥራ ልምምድንና የዩኒቨርሲቲ ትምህርትን በአንድ መርሐ ግብር ማያያዝ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሐሳብ ነው። በአሜሪካ የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ኸርማን ሽናይደር በ1906 የምህንድስና ተማሪዎች በክፍልና በፋብሪካ እየተፈራረቁ የሚማሩበትን የትብብር ትምህርት ጀመረ። በብሪታንያ ደግሞ ከ1950ዎቹ ጀምሮ «ሳንድዊች ኮርስ» የተባለው፣ በትምህርት ዓመታት መካከል የሥራ ጊዜን የሚያስገባ አሠራር ተስፋፋ። በጀርመን፣ በሽቱትጋርት አካባቢ ያሉ ዳይምለር ቤንዝና ቦሽን የመሰሉ ትልልቅ ኩባንያዎች በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጠነሰሱት ሐሳብ በ1974 የሙያ አካዳሚዎችን አስገኘ፤ አካዳሚዎቹም በ2009 የባደን ቩርተምበርግ ጥምር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ።

የእንግሊዙ ሥርዓት የቅርብ መነሻ በ2012 ለመንግሥት የቀረበው የዳግ ሪቻርድ የግምገማ ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ የተለማማጅነት መመዘኛዎች በአሠሪዎች መሪነት እንዲጻፉና የተለማማጁ ብቃት በሥልጠናው መጨረሻ በገለልተኛ አካል እንዲመዘን ሐሳብ አቀረበ። በ2015 ይህ አካሄድ እስከ ዲግሪ ደረጃ ከፍ አለ። በሚያዝያ 2017 ደግሞ የሥርዓቱን የገንዘብ ምንጭ የቀየረው የሥልጠና መዋጮ ሥራ ላይ ዋለ። ትምህርት በዩናይትድ ኪንግደም በየክፍላተ ሀገሩ የሚተዳደር በመሆኑ ከዚህ በታች የሚነገረው ስለ እንግሊዝ ብቻ ነው፤ ስኮትላንድ የራሷ የተለየ ሥርዓት አላት።

ሦስት ወገኖች፣ አንድ ውል

በዲግሪ ተለማማጅነት ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ። ኩባንያው ተለማማጁን መርጦ ይቀጥራል፣ ደመወዝ ይከፍላል፣ በሥራ ላይ የሚመራውን ሰው ይመድባል። ዩኒቨርሲቲው ያስተምራል፣ ይፈትናል፣ ዲግሪውን ይሰጣል። ተለማማጁ ደግሞ የሁለቱንም ግዴታ ይሸከማል። ሥልጠናው የሚመራው ለሙያው በተጻፈ ብሔራዊ መመዘኛ ሲሆን፣ መመዘኛው ተለማማጁ ሊይዛቸው የሚገቡ ዕውቀቶችን፣ ክህሎቶችንና የሥራ ሥነ ምግባሮችን ይዘረዝራል። ለአውሮፕላን ምህንድስና፣ ለማምረቻ ምህንድስና፣ ለምርት ንድፍና ዝግጅት ምህንድስና የየራሳቸው መመዘኛዎች አሉ።

ትልልቅ ኩባንያዎች በሥርዓቱ ውስጥ ጎልተው የሚታዩበት አንዱ ምክንያት የገንዘብ አሠራሩ ነው። ዓመታዊ የደመወዝ ወጪው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሆነ አሠሪ የደመወዙን 0.5 በመቶ ለሥልጠና መዋጮ ይከፍላል፤ ከዚህ ላይ 15,000 ፓውንድ በዓመት ይቀነስለታል። የደመወዝ ወጪው 100 ሚሊዮን ፓውንድ የሆነ ኩባንያ ቢወሰድ፣ 0.5 በመቶው 500,000 ፓውንድ ነው፤ ከቅናሹ በኋላ 485,000 ፓውንድ ይሆናል። ገንዘቡ በኩባንያው ስም በተከፈተ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ሥርዓቱ ሲጀመር በወጣው ደንብ መሠረትም በ24 ወራት ውስጥ ለሥልጠና ካልዋለ ወደ መንግሥት ይመለሳል። ለአንድ የዲግሪ ተለማማጅ ሥልጠናና ምዘና የተፈቀደው ከፍተኛው ገንዘብ 27,000 ፓውንድ ነው። በ2017 የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ለአገር ውስጥ ተማሪ ማስከፈል የሚችሉት ጣሪያ በዓመት 9,250፣ በሦስት ዓመት 27,750 ፓውንድ ስለነበር፣ ሁለቱ መጠኖች ተቀራራቢ ናቸው። ገንዘቡን ሳይጠቀሙበት ከማጣት ይልቅ ወጣት መሐንዲሶችን ማሠልጠን ለኩባንያው ተመራጭ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ልዩነት በጥንቃቄ መታየት አለበት። ከመዋጮው ለዩኒቨርሲቲው የትምህርት ወጪ ይከፈላል፤ የተለማማጁ ደመወዝ ግን ከመዋጮው አይከፈልም። ተለማማጁ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚውልበት ቀን ደመወዝ፣ ሥራውን ትቶ የሚያስረዳው ነባር መሐንዲስ ሰዓት፣ ተለማማጁ በሌለበት ቀን የሚዘገይ ሥራ፣ እነዚህ ሁሉ የሚወጡት ከአንድ ክፍል በጀት ነው። በሌላ አነጋገር ትምህርቱ በመዋጮው ይሸፈናል፤ ጊዜው ግን በኩባንያው ኪስ ላይ ይቀራል። የጊዜው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው።

የሰዓቱ ስሌት

ደንቡ «ከዕለት ሥራ ውጪ የሚሰጥ ሥልጠና» የሚለው ጽንሰ ሐሳብ አለው። ትርጉሙ ተለማማጁ በሚከፈልበት መደበኛ የሥራ ሰዓት ውስጥ፣ የዘወትር ሥራውን ሳይሆን አዲስ ዕውቀትና ክህሎት የሚቀስምበት ጊዜ ማለት ነው። ጊዜው የግድ ከኩባንያው ግቢ ውጪ መሆን የለበትም፤ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት፣ የሌላ ክፍልን ሥራ ተጠግቶ መከታተል፣ የትምህርት ሥራዎችን ማዘጋጀት ሊቆጠሩ ይችላሉ። መጀመሪያ የዚህ ጊዜ ዝቅተኛ መጠን ከሥራ ሰዓቱ 20 በመቶ ነበር፤ በተለምዶ «በሳምንት አንድ ቀን» የሚባለውም ከዚህ የመጣ ነው። ከነሐሴ 2022 እስከ ሐምሌ 2025 ለጀመሩ የሙሉ ጊዜ ተለማማጆች ግን ዝቅተኛው መጠን በሳምንት 6 ሰዓት እንዲሆን ተደርጎ ነበር።

ለውጡ ጥቃቅን ይምሰል እንጂ በቁጥር ሲታይ ክብደት አለው። በሳምንት 37.5 ሰዓት ለሚሠራ ተለማማጅ 20 በመቶ ማለት 7.5 ሰዓት ነው፤ 6 ሰዓት ደግሞ 16 በመቶ ብቻ ነው። ሕጋዊው የዓመት ዕረፍት ከተቀነሰ በኋላ ዓመቱ 46.4 የሥራ ሳምንታት ስለሚኖሩት፣ በቀድሞው መጠን በዓመት 348 ሰዓት፣ በ2022ቱ 278.4 ሰዓት ይገኝ ነበር። ልዩነቱ በዓመት 70 ሰዓት ገደማ ነው።

አሁን ይህ ሰዓት ዲግሪው ከሚጠይቀው ጋር ይነጻጸር። በእንግሊዝ የክብር ባችለር ዲግሪ 360 ክሬዲት አለው፤ አንድ ክሬዲት ንግግርንም፣ የላቦራቶሪ ሥራንም፣ የግል ጥናትንም አጠቃሎ 10 የመማሪያ ሰዓት ሆኖ ይታሰባል። ስለዚህ ዲግሪው በግምት 3,600 ሰዓት ይጠይቃል። የምህንድስና የዲግሪ ተለማማጅነት አምስት ዓመት ይፈጃል ብለን ብናስብ፣ በሳምንት 6 ሰዓት ሒሳብ የሚገኘው ጠቅላላ ጊዜ 1,392 ሰዓት ነው። ይህም ከሚያስፈልገው 39 በመቶ ያህሉ ነው። ቀሪው 2,208 ሰዓት በአምስቱ ዓመታት የሥራ ሳምንታት ላይ ሲከፋፈል በሳምንት 9 ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ይህ 9 ሰዓት ተኩል ከየት ይመጣል? ሊመጣ የሚችልባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ኩባንያው ከዝቅተኛው መጠን በላይ በፈቃዱ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ የዘወትር ሥራው ራሱ ለትምህርት የሚሆን ይዘት ኖሮት፣ በዩኒቨርሲቲው ተመዝኖ ክሬዲት ይሰጠዋል። ሦስተኛ፣ ተለማማጁ ከማታውና ከቅዳሜና እሑዱ ይከፍለዋል። ደንቡ የሚያስገድደው ዝቅተኛውን መጠን ብቻ በመሆኑ፣ ከሦስቱ የትኛው እንደሚሆን የሚወሰነው በየኩባንያው፣ አንዳንዴም በየክፍሉ ነው። በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት መርሐ ግብሮች በተለማማጁ ሕይወት ውስጥ እጅግ የተለያዩ የሚሆኑትም ስለዚህ ነው።

የተለማማጁ ሳምንት

በትልልቅ የምህንድስና ኩባንያዎች ሥልጠናው ብዙውን ጊዜ በመሠረታዊ የእጅ ሥራ ይጀምራል። ተለማማጁ በሞርሳ ላይ ብረት አሥሮ በሞረድ ያስተካክላል፤ በቶርኖና በፍሬዛ ይሠራል፤ የመለኪያ መሣሪያዎችን አጠቃቀምና የሥራ ንድፍ ማንበብን ይማራል። የዚህ ምዕራፍ ዓላማ ተለማማጁን የማሽን ሠራተኛ ማድረግ አይደለም፤ በወረቀት ላይ የሚሰመር መስመር በብረት ላይ ምን ያህል እንደሚያስከፍል እንዲያውቅ ነው። ከዚያ በኋላ በየጥቂት ወሩ ክፍል እየቀየረ ይዘዋወራል፤ ንድፍ ክፍል፣ የጥንካሬ ስሌት ክፍል፣ ማምረቻ፣ ጥራት ቁጥጥር፣ አቅርቦት። የትምህርት ቀኑም በአንዳንድ ቦታ በየሳምንቱ የተወሰነ ቀን ነው፤ በሌላ ቦታ ደግሞ ሳምንታት ተጠራቅመው በአንድነት ይሰጣሉ።

ትልቅ ኩባንያ በዚህ ረገድ ትንሽ ድርጅት የማይሰጠውን ስፋት ይሰጣል። አንድ ክፍል ከሐሳብ ተነሥቶ እስከ ጥገናው ድረስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ተለማማጁ በዓይኑ ያያል። ስፋቱ ግን የራሱ ዋጋ አለው። በየጥቂት ወሩ አዲስ አለቃ፣ አዲስ ቡድን፣ አዲስ ሥራ ይመጣል። ለአዲሱ አለቃ ተለማማጁ በመጀመሪያ የሚታየው በሳምንት አራት ቀን የሚገኝ ተጨማሪ እጅ ሆኖ ነው። አንድ ሥራ ሊጠናቀቅ ሁለት ቀን ሲቀረውና የትምህርት ቀኑ በመካከል ሲወድቅ፣ ማንም «አትሂድ» አይለውም። የሚባለው «ብትችል» ነው። አዲስ የተቀጠረ፣ ወደፊት በቋሚነት ለመቅረት ተስፋ የሚያደርግ የ19 ዓመት ወጣት ይህን ቃል እንደ ምርጫ አድርጎ ሊሰማው ይከብደዋል። የመማሪያ ሰዓት በአብዛኛው የሚሸረሸረው እንዲህ ባለ ትሕትና በተሞላበት ጥያቄ እንጂ በግልጽ ክልከላ አይደለም።

የአንዲት ቀዳዳ ምሳሌ

የጊዜው ጉዳይ ለምን ከአስተዳደር ጥያቄ እንደሚያልፍ በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ተለማማጅ በጥራት ቁጥጥር ክፍል ተመድቧል እንበል። በንድፉ ላይ 10 ሚሊ ሜትር የሆነና እስከ 0.02 ሚሊ ሜትር ብቻ መስፋት የተፈቀደለት የብሎን ቀዳዳ በመለኪያ ማሽን ሲለካ 10.06 ሆኖ ይገኛል። ዕቃው ይጣል? ይታረም? እንዳለ ይለፍ?

የሥራ ቦታው ልማድ ፈጣን መልስ አለው፤ ከተፈቀደው ልክ ወጥቷልና ቀይ ምልክት ይደረግበትና ይለይ። መማሪያ ክፍሉም የራሱ ፈጣን መልስ አለው። በቁሳቁስ ጥንካሬ ትምህርት እንደሚታወቀው፣ ጀርመናዊው መሐንዲስ ኪርሽ በ1898 ባሳተመው ቀመር መሠረት፣ በሚሳብ ሰፊ ዝርግ ብረት ላይ ያለች ክብ ቀዳዳ በጠርዟ ላይ ያለውን ጫና ሦስት እጥፍ ታደርገዋለች፤ ይህ ሦስት እጥፍ ደግሞ ቀዳዳዋ ትልቅም ሆነች ትንሽ አይለወጥም። ቀመሩን ብቻ የያዘ ተማሪ «0.06 ሚሊ ሜትር ምንም አይለውጥም» ብሎ ሊደመድም ይችላል።

ሁለቱም መልሶች ያልተሟሉ ናቸው። ቀመሩ የሚናገረው ባዶ ስለሆነች ቀዳዳ ነው፤ ይህች ቀዳዳ ግን ብሎን ትሸከማለች። ቀዳዳዋ ከሰፋች ብሎኑ ይላላል፤ የላላ ብሎን ደግሞ የድርሻውን ጭነት ወዲያው አይቀበልም፤ ጭነቱ ወደ ጎረቤት ብሎኖች ይሸጋገራል። ጭነቱ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲመላለስ የብረት ድካም የሚጀምረው በእነዚያ ዘንድ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ዕቃውን ወዲያው መጣልም ብቸኛው መንገድ አይደለም። ቀዳዳዋ ከብረቱ ጠርዝ በቂ ርቀት ካላት፣ ይበልጥ አስፍቶ ከፍ ያለ ልክ ያለው ብሎን መጠቀም ይቻል ይሆናል፤ ይህም በስሌት መረጋገጥና ሥልጣን ባለው መሐንዲስ መፈቀድ አለበት።

ተለማማጁ መሐንዲስ መሆን የሚጀምረው በዚህ መሸጋገሪያ ላይ ነው፤ ከልኬቱ ወደ ቀመሩ፣ ከቀመሩ ወደ ብሎኑ፣ ከብሎኑ ወደ ውሳኔው ሲመላለስ። ይህ መመላለስ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ዕቃው ቀይ ምልክት ተደርጎበት ወደ ሌላ ክፍል ሲላክ የተለማማጁ የዕለት ሥራ ተጠናቋል። ጉዳዩን ተከትሎ ወደ ጥንካሬ ስሌት ክፍል ሄዶ «ምን ወሰናችሁ? ለምን?» ብሎ መጠየቅ የዕለት ሥራው አካል አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ያለው እዚያ ነው። የቁሳቁስ ጥንካሬ ትምህርቱ በሁለተኛው ዓመት፣ የጥራት ቁጥጥር ምደባው በአንደኛው ዓመት ከሆነም ሁለቱ ሳይገናኙ ያልፋሉ። ስለዚህ የሚጠበቅ ሰዓት መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ቅደም ተከተልና የኩባንያው የምደባ ቅደም ተከተል ተናበው መውጣት አለባቸው።

ሌላም እንቅፋት አለ። ትልልቅ የምህንድስና ኩባንያዎች፣ በተለይ በአውሮፕላንና በመከላከያ ዘርፍ ያሉት፣ የንድፍና የስሌት መረጃቸውን በምሥጢር ይጠብቃሉ። ተለማማጁ በሥራው ላይ ያገኘውን ጥሩ ችግር ለዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥራ ለማድረግ ሲፈልግ፣ ቁጥሮቹን ማውጣት ወይም ስዕሎቹን ማሳየት ላይፈቀድለት ይችላል። ከላይ የተጠቀሰው ሁለተኛው መንገድ፣ ማለትም የዘወትር ሥራን ወደ ክሬዲት መለወጥ፣ ምሥጢር የሚጠበቅበት የምዘና ስምምነት አስቀድሞ ካልተዘጋጀ በዚህ ምክንያት ይጠብባል።

ለጊዜው ጥያቄ የተሰጡ ሌሎች ምላሾች

የመማሪያ ጊዜን ለመጠበቅ ከሚሞከሩት መንገዶች ሁለቱ ለንጽጽር ይጠቅማሉ።

የመጀመሪያው የጀርመኑ ነው። በባደን ቩርተምበርግ ጥምር ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ከኩባንያ ጋር ውል ፈጽሞ ለሦስት ዓመት ይማራል፤ የክፍል ትምህርቱና የኩባንያ ሥራው በየሦስት ወሩ ገደማ ይፈራረቃሉ። ተማሪው በክፍል በሚሆንበት ወቅት ጭራሹኑ በፋብሪካ የለም። በዚህም ምክንያት «ብትችል ነገ ቅር» የሚል ጥያቄ የሚነሣበት ቀዳዳ ይጠባል። በሥራ የሚያሳልፈው ምዕራፍም በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ተካቶ ይመዘናል። የዚህ መንገድ ጉድለት በሌላ በኩል ነው፤ ትምህርቱና ሥራው በወራት ስለሚራራቁ፣ ማክሰኞ የተማሩትን ረቡዕ መፈተሽ አይቻልም።

ሁለተኛው መንገድ ኩባንያው ራሱ ዩኒቨርሲቲ የሚሆንበት ነው። የዳይሰን የምህንድስናና ቴክኖሎጂ ተቋም በመስከረም 2017 በእንግሊዝ፣ ዊልትሸር ውስጥ በምትገኘው ማምዝበሪ ከተማ፣ በኩባንያው ግቢ ተከፈተ። ተማሪዎቹ በሳምንት ሦስት ቀን ከኩባንያው መሐንዲሶች ጋር ይሠራሉ፤ ሁለት ቀን ይማራሉ። ዲግሪው በመጀመሪያ የሚሰጠው በዎሪክ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ በ2020 ተቋሙ በራሱ ስም ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን አገኘ። ሁለት የመማሪያ ቀን ምን እንደሚለውጥ ከላይ በተጠቀምንበት ስሌት ማየት ይቻላል። ቀኑ 7.5 ሰዓት፣ ዓመቱ 46.4 ሳምንት፣ ቆይታው አራት ዓመት ቢሆን 2,784 ሰዓት ይገኛል፤ ከ3,600ው የሚቀረው 816 ሰዓት፣ በሳምንት 4 ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ትምህርቱም ሥራውም በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሆኑ የምሥጢሩ ችግር ይቀልላል፤ ቅደም ተከተሎቹንም ማናበብ ይቻላል። በአንጻሩ አሠሪውም አስተማሪውም መዛኙም አንድ ቤት በሚሆንበት ጊዜ፣ ተማሪው ከኩባንያው ፍላጎት ውጪ የሆነ ጥያቄ የሚያነሣበት፣ አለመግባባትም ሲፈጠር ወደ ሦስተኛ ወገን የሚሄድበት ቦታ ይጠባል። የሦስት ወገን ውል ወደ ሁለት ሲጠብ ጊዜው ይጠበቃል፤ ሚዛኑ ግን በሌላ መንገድ መጠበቅ ይኖርበታል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚኖረው ትርጉም

በኢትዮጵያ ይህን የመሰለ የዲግሪ ተለማማጅነት የተለመደ አይደለም፤ ሥራና ትምህርትን የማያያዝ ጥያቄ ግን የታወቀ ነው። የምህንድስና ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለተወሰነ ጊዜ ወደ ኢንዱስትሪ ወጥተው ኢንተርንሽፕ ያደርጋሉ። በቴክኒክና ሙያ ሥልጠናም፣ በጀርመን ልምድ ተጽዕኖ የተቀረጸው የትብብር ሥልጠና፣ 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ታስቦ ሲሠራበት ቆይቷል።

ንጽጽሩ የሚያሳየው የተገላቢጦሽ ችግርን ነው። በእንግሊዙ ሥርዓት ተለማማጁ ሠራተኛ በመሆኑ ሥራው ትምህርቱን ሊውጠው ይችላል። በኢንተርንሽፕ ደግሞ ተማሪው የኩባንያው ሠራተኛ ባለመሆኑ፣ ኩባንያው በእርሱ ላይ የሚያጠፋው ሰዓት የሚቆጠርበት፣ የሚጠየቅበትም መንገድ ውሱን ነው። በአንደኛው ተለማማጁ ከሥራ የሚለይበት ሰዓት ያንሰዋል፤ በሌላው ከሥራው ጋር በእውነት የሚገናኝበት ሰዓት። ለሁለቱም የሚያገለግለው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ማን፣ ለየትኛው ሰዓት፣ በምን ግዴታ ይጠየቃል? «70 በ30» የሚል ምጣኔ ብቻውን ይህን አይመልስም። ሰባው ውስጥ ስንቱ መጥረግና መላላክ፣ ስንቱ የቀዳዳዋን ዓይነት ጥያቄ ተከትሎ መሄድ እንደሆነ ካልተለየ፣ ምጣኔው የቦታ ክፍፍል እንጂ የትምህርት ክፍፍል አይሆንም።

ማጠቃለያ

የዲግሪ ተለማማጅነት ያለ ዕዳ መመረቅን፣ የሥራ ልምድንና ደመወዝን በአንድነት ማስገኘቱ ለብዙ ወጣቶች እውነተኛ ዕድል ነው። ሆኖም ከላይ እንደታየው የገንዘብ አሠራሩ የትምህርቱን ዋጋ ሲሸፍን የጊዜውን ዋጋ አይሸፍንም፤ የ2022ቱ ደንብ ያስገድደው የነበረው ሰዓትም ዲግሪው ከሚጠይቀው ሰዓት ከግማሽ በታች ነበር። ክፍተቱን የሚሞላው የኩባንያው ፈቃድ፣ የሥርዓተ ትምህርቱ ብልኃት ወይም የተለማማጁ ዕረፍት ነው።

ስለዚህ አንድን የዲግሪ ተለማማጅነት ለመመዘን ለሚፈልግ ተመራማሪ፣ እንዲሁም ተመሳሳይ መርሐ ግብር ለመቅረጽ ለሚያስብ ተቋም፣ ከተመራቂዎች ቁጥርና ከቅጥር ምጣኔ በፊት የሚቀድሙ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። የመማሪያው ሰዓት በየሳምንቱ ስንት ነው፣ ከተወሰደስ በስንት ቀን ውስጥ ይተካል? የዘወትር ሥራው ወደ ክሬዲት የሚለወጥበት ግልጽ መንገድ አለ? የክፍል ትምህርቱና የሥራ ምደባው ቅደም ተከተል ማን ከማን ጋር ተቀምጦ አወጣው? ለእነዚህ በጽሑፍ የሰፈረ መልስ ያለው መርሐ ግብር ለተለማማጁ ሁለት መምህራን ሰጥቶታል። መልስ የሌለው ግን ሁለት አለቆች ብቻ ነው የሰጠው።